ዋስ ያጣ ወሬ

ከግሸን ደብረ ከርቤ ንግሥ የተመለሰ ሰው ድሮ ይዞ የሚመጣው እምነትና ጠበል ብቻ አልነበረም፤ ወሬም ነበር። ከየአገሩ የመጣው ምእመን መስከረም 21 ቀን በአንድ አምባ ላይ ውሎ ሲበተን፣ ዝናቡ የት እንደጣለ፣ እህል በስንት እንደተሸጠ፣ ማን እንደሞተ አብሮ ይበተናል። ዛሬ የዚያው ቀን ማሕሌት ምእመኑ ከአምባው ሳይወርድ በዩቲዩብና በፌስቡክ አዲስ አበባም ዋሽንግተንም ይታያል። ጉልበቱ የከዳው አዛውንት፣ በስደት ያለች ልጅ፣ ግሸንን ባሉበት ሆነው ይሳለማሉ፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ብዙ ሰው ኮምፒውተር ያመጣውን ለውጥ የሚለካው በዚህ ፍጥነት ነው። ለእኔ ግን ከፍጥነቱ የሚከብደው ወሬ ዋስ ማጣቱ ነው።

በአገራችን ወሬ የሚታመነው በነጋሪው ነበር። ነጋሪው የእገሌ ልጅ ነው፣ ቤቱ ይታወቃል፣ ነገ ለቅሶ ላይ እንገናኛለን፤ ቢዋሽ የሚያፍርበት ፊት አለው። ስሙን የሚሸሽግ ነጋሪም ቢሆን ነበረ። በአውጫጭኝ፣ ማለትም የአካባቢው ሰው ተሰብስቦና ምሎ ወንጀለኛውን በሚያወጣበት ሥርዓት፣ ወንጀለኛውን በምስጢር የሚጠቁመው ሰው «ወፍ» ይባል ነበር። ያ ወፍ ግን ከዚያው ከተሰበሰበው፣ ከማለው ሕዝብ መካከል የወጣ ነው። የዛሬው ወፍ ከየት እንደሚበር አይታወቅም፤ ክንፍ የሚሰጠውም ሌላ ነው። የፌስቡክና የቲክቶክ ኮምፒውተሮች አንድን ጽሑፍ ለማን እንደሚያሳዩ የሚወስኑት በአመዛኙ ሰዉ ምን ያህል እንደሚያየው፣ እንደሚያጋራውና አስተያየት እንደሚሰጥበት ገምተው ነው። ቁጣ ደግሞ ፈጥኖ ጣት ያንቀሳቅሳል። በነጋሪው ክብደት ይመዘን የነበረ ወሬ አሁን በሰሚው ስሜት ይመዘናል።

ይህ ወዴት እንደሚያደርስ ባሕር ዳር ላይ ታይቷል። የትግራይ ተወላጁ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ፣ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን ይዘው የሚወነጅሏቸው ጽሑፎች ፌስቡክ ላይ ከወጡ በኋላ፣ ጥቅምት 2014 ዓ.ም. በመኖሪያቸው ደጃፍ ተገደሉ። ለዩኒቨርሲቲው ባልደረቦቻቸው ፊታቸው የሚታወቅ መምህር፣ ፊቱ በማይታወቅ ጸሐፊ ቃል ተፈረደባቸው።

ድሮስ ሐሰት አልነበረም ወይ? ነበረ። ከሐሰቱም የከፋ ዝምታ ነበረ። ይኸው ግሸን የነገሥታት ልጆችና ወንድሞች ዙፋን እንዳይሻሙ የሚጋዙበት አምባ ነበር። ዙሪያው ገደል ስለሆነ በሩን የያዘ ወሬውንም ይይዛል። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ የልዑላኑን ደብዳቤ ይዞ የወጣ መነኩሴ ከአምባው ጠባቂዎች ጋር እንደተገረፈ ጽፏል። ስለዚህ ወደዚያ እንመለስ የሚል ክርክር የለኝም። በሩን መዝጋት በእኛም ዘመን ተሞክሯል፦ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውዝግብ ሰበብ የካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ታገዱ፤ ሐምሌ መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። በዚያ ጊዜ ዝም የተሰኘው አገር ቤት ያለው፣ ነገሩን በዓይኑ ያየውና ሐሰቱን ሊያስተባብል የሚችለው ሰው ነው። ባሕር ማዶ ሆኖ በሐሰት ስም የሚጽፈው ሰው አንድ ቀንም መስመሩ አልተቋረጠም። መዝጋት ሐሰትን ብቻውን ተናጋሪ አድርጎ ይተወዋል።

ሁሉም በስሙ ይጻፍ ማለትም አይበጅም፤ በደሉን ቢናገር የሚታሰር፣ የሚገደል ሰው አለና። የአውጫጭኙ ልምድ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ወፉ ከአደባባይ ይሰወራል፤ የጥቆማው ነገር ግን በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ይጣራል። በመረቡ ላይ ይህን ሸክም ሊሸከም የሚችለው ጽሑፉን ከሺህ ደጅ የሚያደርሰውና ከዚያ የሚያተርፈው ኩባንያ ነው። እስካሁን ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ የሚጻፈውን የሚመረምር በቂ ሰው እንደሌለው በተደጋጋሚ ተወቅሷል። የፕሮፌሰር መዓረግ ልጅና አብረውት የከሰሱት ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ በፌስቡክ ባለቤት በሜታ ላይ ያቀረቡት ክስ በእኛ ቋንቋ ሲነገር «ዋስ ሁን» ማለት ነው። ኩባንያው የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ መጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወስኗል።