የጎርፍ ኢንሹራንስ፣ ባንኩ ባይጠይቅም
እ.ኤ.አ. በ2017 ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካዋን ሂዩስተንን ሲያጥለቀልቅ፣ ውሃ ከገባባቸው ቤቶች ብዙዎቹ በጎርፍ ካርታው ላይ ለከፍተኛ አደጋ የተጋለጠ ተብሎ ከሚታየው ቀጠና ውጭ ነበሩ፤ ባንኮች ደግሞ የጎርፍ ኢንሹራንስ የሚያስገድዱት በአብዛኛው በዚያ ቀጠና ውስጥ ላሉ ቤቶች ነው። «ባንኩ ካላስገደደኝ ለምን እከፍላለሁ?» የሚለው ክርክር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው፤ ባንኩ የሚያስበው ለብድሩ እንጂ ለሶፋችሁ አይደለም። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ነፋስ ጣሪያ ገንጥሎ ዝናብ ቢያስገባ ይከፍል ይሆናል፤ በበር ስር ሾልኮ ምንጣፉን ላራሰ ጎርፍ ግን አይከፍልም። «መንግሥት አለ» ለምትሉም፣ የፌማ (የአሜሪካ ፌዴራል የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ተቋም) እርዳታ ቤቱን ለመኖሪያ እንዲበቃ ለማድረግ እንጂ እንደነበረ ለመመለስ የታሰበ አይደለም። የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ደግሞ በአብዛኛው የሚጸናው ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ማዕበሉ በቴሌቪዥን ከታየ ወዲያ መደወል ለዚያኛው ዝናብ አይደርስም። ተከራዮችም (ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም) ለዕቃችሁ ብቻ መግዛት ትችላላችሁ።