የገጸ ባሕርያት ውስጣዊና ውጫዊ ትግል በተውኔት ትምህርት፤ «ኦቴሎ» እንደ አብነት

ተውኔት በክፍል ውስጥ ሲሰጥ ግጭት አዘውትሮ በሁለት ተከፍሎ ይቀርባል፤ ይኸውም ገጸ ባሕርይው ከራሱ ጋር የሚያደርገው ውስጣዊ ግጭትና ከሌላ ሰው፣ ከኅብረተሰብ ወይም ከተፈጥሮ ጋር የሚገጥመው ውጫዊ ግጭት ነው። ክፍፍሉ ለመነሻ ይጠቅማል። ተማሪው ሁለቱን በየረድፋቸው ጽፎ ካበቃ ግን ዋናው ጥያቄ ሳይነካ ይቀራል፤ የውጭው መሰናክል ባለታሪኩን የሚጥለው በየትኛው በር ገብቶ ነው?

ለዚህ ጥሩ አብነት የሚሆነው የዊልያም ሼክስፒር «ኦቴሎ» ነው። ተውኔቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1604 ዓ.ም. በለንደን ቤተ መንግሥት ታይቷል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ወደ አማርኛ መልሶታል።

ኦቴሎ ቬኒስን የሚያገለግል ጥቁር የጦር አዛዥ ነው። በመጀመሪያው ገቢር የሚስቱ የዴዝዴሞና አባት፣ ልጁን በአስማት እንዳታለለበት በመግለጽ በሸንጎ ፊት ይከሰዋል። ኦቴሎ ግን በረጋ አንደበት እውነቱን አስረድቶ ይረታል። በሁለተኛው ገቢር መጀመሪያ ደግሞ ወደ ቆጵሮስ የሚገሠግሠውን የቱርክ የባሕር ኃይል ማዕበል ያጠፋዋል። ከሳሹም ጠላቱም ከመንገድ ተወግደዋል፤ መከራው የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው።

የበታች ሹሙ ያጎ ዴዝዴሞናን በዝሙት ሲያማት የሚታይ ማስረጃ አድርጎ የሚጠቀመው አንድ መሐረብ ብቻ ነው። ይህችን ጨርቅ የሞት ፍርድ ያደረጋት የኦቴሎ የልብ ስጋት ነው። በሦስተኛው ገቢር ብቻውን ሲቀር ጥቁርነቱን፣ የመኳንንት ለዛ የሌለው መሆኑንና የዕድሜውን መግፋት እየቆጠረ በራሱ ላይ ያለው እምነት ይናጋል። ስጋቱም ከባዶ የመጣ አይደለም። አባትየው ከሸንጎው ሲወጣ፣ አባቷን ያታለለች ባሏንም ልታታልል እንደምትችል አስጠንቅቆት ነበር፤ ያጎም ይህንኑ መልሶ ያነሣበታል። በሸንጎ የተረታው ውጫዊ ክስ ወደ ልብ ገብቶ ውስጣዊ ቁስል ሆነ፤ ቁስሉም ተመልሶ ንጹሕ ሚስቱን የሚገድል እጅ ሆነ።

እንግዲህ መምህራን «ግጭቶቹን ዘርዝሩ» ከማለት ይልቅ «ኦቴሎ በሸንጎ ፊት ያሳየው እርጋታ በያጎ ፊት ስለ ምን ከዳው?» ብለው ቢጠይቁ ይመረጣል። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም መልመጃዎችን በዚሁ መንገድ ሊያዘጋጁ ይገባል። ያን ጊዜ ተማሪው ያጎን በመርገም ብቻ አይወሰንም፤ ክፉ ወሬ በራሱ ልብ ውስጥ የት ቦታ እንደሚያገኝ መመርመርን ይማራል።