ጎተራ ሞልቶ ልጅ እንዳይቀነጭር
የባልትና ትምህርት በክፍል ውስጥ ቦታ ያስፈልገዋል

ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበር በኩል ወደ ጃናሞራ በሚዘልቀው መንገድ ላይ የምትገኘው አምባራስ የገብስ አገር ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በሚበልጠው በዚህ ከፍታ ጤፍም ሆነ በቆሎ አይሞከርም። እንጀራው፣ ዳቦው፣ ቆሎው፣ በሶውና ጠላው ሁሉ ከገብስ ነው። ከገብሱ ጎን ድንች ይተከላል፤ በግ ይረባል። ወረድ ሲሉ በደባርቅና በዳባት ማሳዎች ስንዴው፣ ባቄላው፣ ምስሩና ነጭ ሽንኩርቱ ይታከላል።

ይህ ምርት ከማሳ ወደ ጎተራ እስኪገባ ድረስ አርሶ አደሩን የሚያግዘው ብዙ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ስለ ዘር መጠን፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ አረም ያስተምራል። የምርታማነት ዕቅድ ይወጣል፤ አፈጻጸሙም ይገመገማል። ከጎተራ ወደ ሕፃኑ አፍ ያለው መንገድ ግን ይህን ያህል ክትትል አያገኝም። እህሉ እንዴት ይቀመጣል? ከምን ጋር ተቀላቅሎ ይበላል? ምን ያህሉ ተሸጦ ምን ያህሉ ለቤት ይቀራል? እነዚህ የባልትና ጥያቄዎች ናቸው።

ጥያቄዎቹ ቀላል እንዳልሆኑ አሐዞች ያሳያሉ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ሲሆን፣ የክልሉ ቁጥር ከሁሉም ክልሎች ከፍተኛው ነበር። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናት የክልሉ ቁጥር ወደ 41 በመቶ ቢወርድም ከአገሪቱ አማካይ፣ ከ37 በመቶ፣ በላይ ነው። አማራ ክልል ከአገሪቱ ዋና ዋና እህል አምራቾች አንዱ ነው። ስለዚህ ችግሩ የእህል እጥረት ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

መቀንጨር ማለት አንድ ልጅ ለዕድሜው ሊኖረው የሚገባውን ቁመት ማጣቱ ነው። ጉዳቱ በአብዛኛው የሚደርሰው ከጽንሱ ጀምሮ ሕፃኑ 2 ዓመት እስኪሞላው ባሉት 1 ሺህ ቀናት ውስጥ ነው። ከቁመቱ ጋር የአእምሮ እድገቱም ስለሚጎዳ ልጁ ትምህርት ሲገባ ይከብደዋል፤ አድጎም ጉልበቱ ያንሳል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ያወጀው ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት ነው። የዛሬ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች እስከዚያና ከዚያም በኋላ እናትና አባት ይሆናሉ።

ከክፍል ወደ ሱቅ

ባልትና ከባልቴት የተገኘ ቃል ነው፤ ዕድሜ ያስተማራት የቤት እመቤት ሙያ ማለት ነው። በንጉሡ ዘመንም ሆነ በደርግ ጊዜ የቤት ባልትና በትምህርት ቤቶች ይሰጥ ነበር። ግብርና ሚኒስቴርም ገጠር እየወጡ የሚያስተምሩ የቤት ባልትና ሠራተኞች ነበሩት። በ1959 ዓ.ም. የተጀመረው የጭላሎ ግብርና ልማት ድርጅት ከዘርና ከማዳበሪያው ጎን ለገጠር ሴቶች የሚሆን የኤክስቴንሽን ሥራ ነበረው።

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ባልትና ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት መሆኑ ቀረ። በየቀበሌው የተመደቡት የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት የሠለጠኑ ሆኑ። የምግብ ጉዳይ በ1995 ዓ.ም. ለተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተላለፈ። ዛሬ ባልትና የሚለው ቃል በይበልጥ የሚታየው በርበሬና ሽሮ በሚሸጡ የከተማ ሱቆች ማስታወቂያ ላይ ነው።

በክፍለ ጊዜው ምን ይማሩ?

ትምህርቱ ኬክ መጋገርና ጥልፍ መጥለፍ ነው የሚል አስተያየት አለ። ለሰሜን ተራራ ግርጌ የሚስማማው ባልትና ግን ከማሳው የሚነሳ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት ገብስና ባቄላ ሊሆን ይችላል። ገብስ ብቻውን ለሕፃን በቂ ገንቢ ምግብ አይሆንም፤ የሚጎድለውን ጥራጥሬ ይሞላዋል። 6 ወር ለሞላው ሕፃን ሁለት እጅ ገብስና አንድ እጅ የተቆላና የተከካ ባቄላ አብሮ ተፈጭቶ ወፈር ያለ ገንፎ ቢሠራለት፣ ቅቤ ወይም ዘይት፣ ሲገኝም እንቁላልና ወተት ቢጨመርበት ከቀጭን አጥሚት እጅግ ይሻላል። ፋፋ የተሠራውም በዚሁ እህልን ከጥራጥሬ በማዋሐድ ሐሳብ ነው። አምባራስ ገብሱ አላት፤ ባቄላው ደግሞ ደባርቅ ገበያ ላይ ነው።

ሁለተኛው የእንቁላሉ ጉዳይ ነው። በብዙ የገጠር ቤት እንቁላል ተሰብስቦ ገበያ ይወጣል፤ በገንዘቡም ጨው፣ ዘይትና ቡና ይገዛል። ተማሪው ስንቱ ቢሸጥ፣ ስንቱ ለታናሹ ቢቀር እንደሚያዋጣ በደብተሩ ማስላት ይችላል። የጾም ወቅትም እዚህ ላይ ይነሳል። ከ7 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት የጾም ግዴታ የለባቸውም። ሆኖም የቤቱ ዕቃ እንዳይነካካ በሚል የሕፃኑ ምግብ አብሮ የሚጾምበት ቤት አለ። ለልጁ አንድ ድስትና አንድ ማንኪያ መለየት መፍትሔ ነው።

ሦስተኛው ጨው ነው። በደጋው አገር አፈሩ አዮዲን ስለሚያንሰው እንቅርት የቆየ ችግር ነው። ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። አዮዲን ያለው ጨው ግን ፀሐይ ላይ ተከፍቶ ከተቀመጠ ወይም ወጡ ገና ሲጣድ ከተጨመረ አዮዲኑ ይቀንሳል። ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ወጪ የለውም።

አራተኛው ድንች ነው። ለዘር የሚቀመጥ ድንች ቀጥተኛ ፀሐይ የማያገኘው ብርሃን ይፈልጋል፤ ለምግብ የሚቀመጠው ግን ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይወዳል። ብርሃን አግኝቶ አረንጓዴ የሆነ ድንች መርዛማ ነገር ስለሚይዝ መበላት የለበትም። ይህን ያወቀ ቤተሰብ ያለውን ሁሉ በመኸር በርካሽ ለመሸጥ አይቸኩልም።

አምስተኛው ማገዶ ነው። በብሔራዊ ፓርኩ ዙሪያ እንጨት ብርቅ ስለሆነ ኩበት ይነዳል። ምድጃ የገባው ኩበት ለማሳው የቀረ ፍግ ነው። ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጀራ የሚጋገርበትን ማገዶ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

ወንዶች ልጆችም

ትምህርቱ ለሴቶች ብቻ ከሆነ ግማሽ ሥራ ነው። እህሉ ተሸጦ ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል በመወሰን በኩል የአባወራው ድምፅ ከባድ ነው። ጃፓን ለረጅም ጊዜ ለሴቶች ያተኮረውን የባልትና ትምህርት እ.ኤ.አ. ከ1993 እና 1994 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ ለሁለቱም ፆታ ግዴታ አድርጋዋለች።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የሙያና የቴክኒክ ትምህርት መካተቱ ለባልትና በር ይከፍታል። ክፍለ ጊዜው በቃል ብቻ እንዳያልፍና ለሌላ ትምህርት ማካካሻ እንዳይውል መጠበቅ ግን የወረዳ አመራሩ ድርሻ ነው። ብዙ በጀት አይጠይቅም። የትምህርት ቤቱ ጓሮ ለጎመንና ለካሮት፣ አንድ ምርጥ ምድጃ፣ ሁለት ድስትና ከወላጆች የሚዋጣ እህል ለመጀመር ይበቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በወር አንድ ቀን አብረው ክፍል ቢገቡ መምህሩ ብቻውን አይሆንም። ወላጆችም የተማሪዎቹን ገንፎ እንዲቀምሱ ቢጠሩ ትምህርቱ ቤት ድረስ ይዘልቃል።

ሙያ በልብ ነው ይባላል። ልብ የሚይዘው ግን የታየና የተሠራ ነገር ነው። የግብርና፣ የትምህርትና የጤና ጽሕፈት ቤቶች የምርት ዕቅዳቸውን ሲገመግሙ ከኩንታሉ ጎን የሕፃናቱን ቁመት ቢጠይቁ፣ የአምባራስ ገብስ ጎተራውን ብቻ ሳይሆን ልጁንም እንደሞላ ያውቃሉ።