ፍጥነት፣ ክንፍና ዝናብ፦ የ2023 የፎርሙላ ሪጅናል የአውሮፓ ሻምፒዮና በፊዚክስ ሲታይ

የመኪና እሽቅድምድም በብዙዎቻችን ዘንድ የሚታወቀው በፎርሙላ አንድ አማካይነት ነው። ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ግን ደረጃ በደረጃ የሚወጣ መሰላል ነው። ከካርቲንግ ይጀምርና ፎርሙላ 4ን፣ ፎርሙላ ሪጅናልን፣ ፎርሙላ 3ንና ፎርሙላ 2ን አልፎ ጫፍ ላይ ይደርሳል። በዚህ ጽሑፍ ከመሰላሉ እርከኖች አንዱን፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ2023 የተካሄደውን የፎርሙላ ሪጅናል የአውሮፓ ሻምፒዮና እንመለከታለን። በዚያ ዓመት አንድ ወጣት ወደ ዓለም አቀፍ ዝና ተሸጋገረ፤ ሌላ ወጣት ደግሞ ሕይወቱን አጣ። ሁለቱንም ለመረዳት የሚያስፈልገው ፊዚክስ በአብዛኛው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሚሰጠው የዘለለ አይደለም።

አንድ ዓይነት መኪና፣ የተለያየ ውጤት

የውድድር ዘመኑ በኢጣሊያ ኢሞላ ተጀምሮ በጀርመን ሆክንሃይም ተጠናቀቀ። መርሐ ግብሩ 10 የውድድር ሜዳዎችን ያካተተ ሲሆን በእያንዳንዱ ሜዳ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ 20 ውድድሮች ነበሩት። ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የሚያሽከረክሩት በኢጣሊያው ታቱስ ኩባንያ የተሠራውን ባለ አንድ መቀመጫ መኪና ነው። ሞተሩ 270 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው፤ ጎማዎቹም የፒሬሊ ናቸው።

ይህ አሠራር በቤተ ሙከራ ውስጥ ከምናደርገው ጋር ይመሳሰላል። የአንድን ነገር ተጽዕኖ ለማወቅ ስንፈልግ ሌሎቹን ባሉበት እናጸናቸዋለን። እዚህም መኪናው፣ ሞተሩና ጎማው አንድ ዓይነት ስለሆኑ ልዩነቱ በአመዛኙ የሚመጣው ከነጂው ችሎታና ከቡድኑ ዝግጅት ነው።

የ2023 ሻምፒዮን የፕሬማ ቡድን ነጂ የነበረው ኢጣሊያዊው አንድሬያ ኪሚ አንቶኔሊ ነው። አንቶኔሊ 5 ውድድሮችን አሸንፎ 300 ነጥብ ሰበሰበ። አሸናፊ 25፣ ሁለተኛ 18፣ ሦስተኛ 15 ነጥብ እንደሚያገኝ እናስታውስ። 300ን ለ20 ብናካፍለው በአማካይ 15 ይሆናል፤ ይህም በሁሉም ውድድሮች ሦስተኛ ከመውጣት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ሻምፒዮናውን ያስገኘው አልፎ አልፎ መብረቅ መሆን ብቻ ሳይሆን በየሳምንቱ ነጥብ ሳይጥሉ መመለስም ነው። አንቶኔሊ ፎርሙላ 3ን ዘልሎ በ2024 በፎርሙላ 2 ተወዳደረ፤ በ2025 ደግሞ ገና በ18 ዓመቱ በመርሴዲስ ቡድን ፎርሙላ አንድን ተቀላቀለ።

የተገለበጠው ክንፍ

አንድ መኪና በኩርባ ላይ ሲዞር ወደ ክቡ መሐል የሚስበው ኃይል ያስፈልገዋል። ይህን ኃይል የሚሰጠው በጎማውና በአስፋልቱ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ሰበቃው ደግሞ ጎማው መሬቱን በሚጫንበት ኃይል ይወሰናል። የኩርባው ሬዲየስ 100 ሜትር፣ የሰበቃው ኮፊሸንት 1.5 ቢሆን መኪናው ሳይንሸራተት ሊዞር የሚችልበት ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 138 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ የመኪናው መጠነ ቁስ አይገባም፤ ከሁለቱም ወገን ይሰረዛል። ስለዚህ መኪናውን በብረት ማክበድ ፍጥነቱን አይጨምርም።

የሚያስፈልገው መኪናውን ሳያከብድ ጎማውን ወደ መሬት መጫን ነው። መሐንዲሶች ለዚህ የአውሮፕላንን ክንፍ ገልብጠው ይጠቀማሉ። ክንፉ አየሩን ወደ ላይ ይገፋል፤ በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት አየሩም ክንፉን ወደ ታች ይገፋል። ከመኪናው ሆድ በታች የሚያልፈውም አየር ከኋላ በኩል ወደ ላይ ከፍ እያለ በሚሰፋ መውጫ እንዲያመልጥ ስለሚደረግ ግፊቱ ቀንሶ መኪናውን ወደ መሬት ይስበዋል። ይህ የመጫን ኃይል የመኪናውን ክብደት ግማሽ ያህል ቢሆን ያው ኩርባ በሰዓት 169 ኪሎ ሜትር ሊታለፍ ይችላል።

አየሩ ወደ ላይ ተገፍቶ መሄዱን አንባቢያን በአእምሯቸው እንዲይዙ እናሳስባለን። መሬቱ ደረቅ ሲሆን ጉዳት የለውም፤ ዝናብ ሲዘንብ ግን ነገሩ ይለወጣል።

የውሃው ጉም

በክረምት በአስፋልት መንገድ ላይ ከከባድ የጭነት መኪና ኋላ የተጓዘ ሰው ከጎማዎቹ የሚነሳውን ነጭ ጉም ያውቀዋል። በውድድር መኪና ላይ ይህ ጉም በሦስት ምክንያቶች ይብሳል። በመጀመሪያ፣ ጎማዎቹ ሰፋፊና ያልተሸፈኑ ናቸው። በሁለተኛ ደረጃ፣ የዝናብ ጎማ ጥሩ የሚባለው ውሃውን ከሥሩ ጠርጎ ሲያወጣ ስለሆነ፣ ጎማው በተሻለ መጠን ለራሱ ነጂ የሚሰጠው መያዣ ለተከታዩ ነጂ ጉም ይሆናል። በሦስተኛ ደረጃ፣ ከክንፉና ከመኪናው ሆድ ሥር ወደ ላይ የሚገፋው አየር የውሃውን ነጠብጣብ ይዞት ይወጣል። መኪናውን በኩርባ ላይ የሚያስተማምነው ያው ኃይል ከኋላው ግድግዳ ይሠራል ማለት ነው።

ደቃቅ ነጠብጣቦች ብርሃንን በየአቅጣጫው ይበትናሉ። ጉሙ በየ10 ሜትሩ የብርሃኑን ግማሽ ብቻ ያሳልፋል ብንል፣ ከ20 ሜትር በኋላ ሩቡ፣ ከ50 ሜትር በኋላ ደግሞ 1/32ኛው ብቻ ይቀራል። በመኪኖቹ ጀርባ የሚበራው ቀይ መብራት የሚያገለግለውም በዚህ ወሰን ውስጥ ነው። የመብራቱን ድምቀት እጥፍ ብናደርገው እንኳ የሚታይበት ርቀት የሚጨምረው በ10 ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

አሁን አንድ ነጂ በሰዓት 216 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 60 ሜትር እየተጓዘ ሳለ በ50 ሜትር ርቀት ላይ የቆመ መኪና ቢያይ ምን ይሆናል? ለማስተዋልና ፍሬን ለመርገጥ ግማሽ ሰከንድ ቢወስድበት በዚህ ጊዜ ውስጥ 30 ሜትር ይጓዛል። የቀረው 20 ሜትር ነው። በእርጥብ አስፋልት ላይ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በሰከንድ 8 ሜትር እየቀነሰ ቢሄድ፣ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 206 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ፍሬኑ የቀነሰው 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የዓለም ምርጡ ነጂ እንኳ ይህን ስሌት ሊለውጠው አይችልም።

ጁላይ 1 ቀን 2023

በቤልጂየም የሚገኘው የስፓ ፍራንኮርሻምፕ ሜዳ አንድ ዙሩ 7 ኪሎ ሜትር ነው። ኦ ሩዥና ሬዲዮን የተባሉት ኩርባዎች ሽቅብ ወጥተው ኬሜል ወደተባለው ረጅም ቀጥታ መንገድ ይገባሉ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2023 ውድድሩ በከባድ ዝናብ ተካሄደ። ከደህንነት መኪናው ኋላ ሲጓዙ የነበሩት ነጂዎች በመጨረሻው ዙር ላይ ዳግም እንዲሽቀዳደሙ ተለቀቁ። በኬሜል ላይ ግጭት ደረሰ፤ የ18 ዓመቱ ሆላንዳዊ ዲላኖ ቫንት ሆፍ መኪናው በመንገዱ ላይ እንዳለ በሌላ መኪና ተመትቶ ሕይወቱ አለፈ። በዚሁ አካባቢ እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ቀን 2019 ፈረንሳዊው አንትዋን ዩቤር በፎርሙላ 2 ውድድር መኪናው ከጎን ተመትቶ ሞቷል። በዚያን ዕለት ዝናብ አልነበረም፤ ሁለቱን አደጋዎች የሚያመሳስላቸው በመንገዱ ላይ የቀረ መኪና በሙሉ ፍጥነት መመታቱ ነው።

እንዲህ ያለው ግጭት ለምን ይከፋል? እያንዳንዳቸው 700 ኪሎ ግራም የሆኑ ሁለት መኪኖችን እንውሰድ። አንዱ ቆሟል፤ ሌላው ከላይ ባሰላነው ፍጥነት ይመታዋል። ተጣብቀው ቢሄዱ በሞመንተም ጥበቃ ሕግ መሠረት የቆመው መኪና በሰዓት ወደ 103 ኪሎ ሜትር ይወነጨፋል። የሁለቱ መኪኖች አካል ተጨፍልቆ የሚሰጠው ርቀት 1 ሜትር ቢሆን ይህ ለውጥ በ0.035 ሰከንድ ይጠናቀቃል። በነጂው ላይ የሚያርፈውም ኃይል ከራሱ ክብደት ከ80 ጊዜ በላይ ይሆናል። ይህ ለግንዛቤ የቀረበ ስሌት እንጂ የአደጋዎቹ መለኪያ አይደለም። የመኪናው አፍንጫ ረጅም ስለሆነ እየተጨፈለቀ ጊዜ ይገዛል፤ ጎኑ ግን ከነጂው አካል በጣም ቅርብ ነው፤ የሚሰጠውም ርቀት እጅግ ያነሰ ነው።

መፍትሔው ምንድን ነው?

የስፓ ሜዳ በ2022 ከውድድሮቹ በፊት ታድሶ በሬዲዮን ዙሪያ ያሉት ማምለጫ ቦታዎች ሰፍተው ነበር። ማምለጫ ቦታ ግን የሚጠቅመው ከመንገድ ለሚወጣ መኪና እንጂ በመንገዱ ላይ ለሚቀር አይደለም። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን በጁላይ 2023 በሲልቨርስቶን፣ በሜይ 2024 ደግሞ በፊዮራኖ የጎማ መሸፈኛዎችን በፎርሙላ አንድ መኪኖች ላይ ሞክሯል። ውጤቱ አጥጋቢ አልነበረም። ጎማዎቹ ቢሸፈኑም ከመኪናው ሆድ ሥር ያለው አየር ውሃውን ከአስፋልቱ መጥጦ ማንሣቱን ይቀጥላልና።

ስለዚህ በመኪናው ላይ የሚጨመር መሣሪያ ለጊዜው ችግሩን አልፈታውም። የቀረው መንገድ በስሌታችን ውስጥ ካሉት መጠኖች አንዱን መለወጥ ነው። የእይታውን ርቀት ማርዘም ካልተቻለ ፍጥነቱን መቀነስ፣ ፍጥነቱን መቀነስ ካልተፈለገ ዝናቡ እስኪያባራ ውድድሩን ማቆም የግድ ይሆናል። ነጂው ውድድሩን አላቋርጥም ቢል አይፈረድበትም፤ ከፊቱ ያለው መሰላል ጠባብ ነው፤ የሚያመነታም ቦታውን ለሌላ ይለቃል። ለዚህም ነው ውሳኔው ለእርሱ ሊተው የማይገባው። ባንዲራውን የያዘው ኃላፊ በ50 ሜትር እይታ 216 ኪሎ ሜትር በሰዓት ምን ማለት እንደሆነ አስቀድሞ አስልቶ ማወቅ ይገባዋል።