የጉሮሮ ሕመም ልብን ስለሚጎዳበት ምክንያት

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ጤና ጣቢያዎች ለልምምድ የምትሰማሩ የነርስነት ተማሪዎች፤ ዛሬ የምንነጋገረው ሰውነት ጠላቱን ሲከላከል ወገኑን ስለሚወጋበት ሕመም ነው።

እሾህ የወጋው ጣት ይቀላል፤ ያብጣል፤ ይሞቃል፤ ያማል። ይህ ብግነት ይባላል። ብግነት በራሱ በሽታ አይደለም። ደም ወደ ተጎዳው ስፍራ ሲጎርፍና ነጭ የደም ሕዋሳት ተውሳኩን ለመዋጋት ሲሰበሰቡ የሚታይ የዘብ ሥራ ነው። ይህ ዘብ ባይኖር ኖሮ አንዲት ጭረት በገደለችን ነበር። ችግር የሚመጣው ዘቡ ወዳጅና ጠላትን መለየት ሲሳነው ነው።

በአገራችን ለዚህ ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች አንዱ የሩማቲክ ልብ ሕመም ነው። ነገሩ የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ይልቁንም ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ጉሮሮ ይይዛል። ሰውነትም ባክቴሪያውን የሚዋጉ ጸረ አካላት ያዘጋጃል። ነገር ግን የባክቴሪያው ልባስ በከፊል የልብን ሥጋ ስለሚመስል፣ ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በኋላ፣ ጉሮሮው ተሽሎ ሁሉም ከረሳው ወዲያ፣ በአንዳንዱ ልጅ ላይ መሣሪያው ወደ ልብና ወደ መገጣጠሚያ ይዞራል። ጉልበት ያብጣል፤ እርሱ ሲተወው ቁርጭምጭሚት ወይም ክርን ይተካል። መገጣጠሚያው ያለ ጠባሳ ይድናል። የልብ ቫልቭ ግን ብግነቱ በተመላለሰበት ቍጥር እየጠነከረና እየተጣበቀ ሄዶ፣ እንደሚገባ መከፈትም መዘጋትም ያቅተዋል።

ይህ ሕመም መጣበብን ይወዳል። ከእንጦጦ ጀርባ በሱሉልታ፣ በጅማ መንገድ በሰበታ፣ በአምቦ መንገድ በቡራዩ፣ ለሥራ የመጣ ቤተ ሰብ ብርዱን ፈርቶ በአንዲት የኪራይ ክፍል መስኮት ዘግቶ ሲያድር፣ የአንዱ ልጅ ሕመም በቀላሉ ለሌላው ይደርሳል። ከዚያም «እንጥሉ ወረደ» ይባልና ልጁን ወደ ቆራጭ ይወስዱታል። እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ የሚያተርፈው ደም መፍሰስና ሌላ ቁስል ነው። መድኃኒቱ ፔኒሲሊን ነው። ጉሮሮው በታመመ በ9 ቀን ውስጥ ከተሰጠ የልቡን ሕመም ሊያስቀር ይችላል።

አንድ ጊዜ የተያዘ ልጅ ሕመሙ እንዳይመለስበት በየ4 ሳምንቱ፣ አንዳንዴም በየ3 ሳምንቱ፣ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይወጋል። ይህም ቢያንስ ለ5 ዓመት ይቆያል፤ ቫልቩ ክፉኛ የተጎዳው ዕድሜ ልኩን ሊወስደው ይችላል። እንግዲህ የነርስ ሥራ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። መርፌው ያማል፤ ልጁም ሲሮጥ የምታይ እናት «ድኗል» ብላ ብትቀር አይፈረድባትም። መድኃኒቱን ከመውጋት በፊት በእጅ መዳፍ ማሞቅና በዝግታ መውጋት ሕመሙን ያቀልላል። ፔኒሲሊን ይቈጣው እንደ ሆነም አስቀድሞ መጠየቅ፣ አድሬናሊን በአጠገብ ማኖር፣ ከተወጋም በኋላ ጥቂት ማስቆየት የግድ ነው።

በየካቲት 2007 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት የሰበሰባቸው ሊቃውንት በአዲስ አበባ ተነጋግረው፣ ይህ ሕመም ከአህጉሩ ስለሚጠፋበት መንገድ ካወጡት ምክር አንዱ የፔኒሲሊንን አቅርቦት የሚመለከት ነበር። ቫልቩ ለተበላሸበት ልጅ ግን የሚቀረው ቀዶ ጥገና ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ በመሠረቱት፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ባለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ይህ ሥራ ይከናወናል፤ ሆኖም ተራ ጠባቂው ብዙ ነው።

ስለዚህ የልጁን ካርድ ስትቀበሉ መጀመሪያ የመጨረሻውን መርፌ ቀን ተመልከቱ። ከ4 ሳምንት አልፎ እንደ ሆነ እናቲቱን አትቈጡ፤ የቀረችበትን ምክንያት ጠይቃችሁ የሚቀጥለውን ቀን ከገበያ ቀኗ ጋር አስማሙላት።