ሜሞሪ የሚበላው ስክሪፕት

ብሌንደር በተባለው የ3ዲ ሶፍትዌር ለሚሠራ አጭር አኒሜሽን ዝናብ የሚያዘንብ ስክሪፕት እናስብ። በየፍሬሙ የጠብታዎቹን ቅርጽ ይሠራል፤ ፍሬሙ ሬንደር ተደርጎ ሲያበቃ ያጠፋቸውና ወደ ቀጣዩ ያልፋል። መጀመሪያ ላይ ሥራው ይፈጥናል። ጥቂት መቶ ፍሬሞች ካለፉ በኋላ ኮምፒውተሩ መንቀራፈፍ ይጀምራል፤ በመጨረሻም ብሌንደር በድንገት ይዘጋል። ኮዱ ሲነበብ የሠራውን ሁሉ አጥፍቷል። ታዲያ ሜሞሪውን ማን በላው?

መልሱ ያለው ሶፍትዌሩ በተዋቀረበት መንገድ ላይ ነው። ሆላንዳዊው ቶን ሮዘንዳል እ.ኤ.አ. በ1994 ለስቱዲዮው ሥራ የጀመረው ብሌንደር፣ በ2002 ደጋፊዎቹ 100,000 ዩሮ አዋጥተው ኮዱን ለሁሉም ክፍት ካስደረጉት ወዲህ እያደገ ሄዷል፤ በ2025 ኦስካር ያሸነፈው የላትቪያዊው ጊንትስ ዚልባሎዲስ ፊልም «ፍሎው» የተሠራው በእርሱ ነው። ውስጡ በአብዛኛው በሲ እና በሲ ፕላስ ፕላስ ተጽፏል። እኛ ስክሪፕት የምንጽፍበት ፓይተን ከላይ ሆኖ ያዘዋል። ስለዚህ ሜሞሪው ሁለት አስተዳዳሪ አለው፤ ምርመራውን የሚያወሳስበውም ይኸው ነው።

ፓይተን አንድን ነገር የሚጠቀምበት ሲያጣ ቦታውን ይለቃል። ብሌንደር ግን የራሱ መዝገብ አለው። እያንዳንዱ ሜሽ፣ ምስልና ማቴሪያል እዚያ ተመዝግቦ ስንት ተጠቃሚ እንዳለው ይቆጠርለታል። ስክሪፕቱ ኦብጀክቱን ሲያጠፋ የሚሄደው ኦብጀክቱ ብቻ ነው፤ ቅርጹን የያዘው ሜሽ ተጠቃሚው ዜሮ ሆኖ እዚያው ይቀራል። ተዋናዩ ከመድረክ ወረደ እንጂ ከቲያትር ቤቱ አልወጣም። እንዲህ ያለው ባለቤት አልባ ዳታ በራሱ የሚወገደው ፋይሉ ሴቭ ተደርጎ እንደገና ሲከፈት ነው። በእጁ ለሚሠራ አኒሜተር ይህ ትልቅ ውለታ ነው፤ የተወውን ማቴሪያል ከአፍታ በኋላ ሊፈልገው ይችላላ። በየፍሬሙ አዲስ ሜሽ ለሚፈጥር ስክሪፕት ግን ክምሩ ማቆሚያ የለውም።

ብዙዎች እዚህ ላይ የፓይተኑን ተለዋዋጭ ይሰርዛሉ፣ ወይም ጋርቤጅ ኮሌክተሩን ይጠራሉ። ለውጥ የለም፤ ተለዋዋጩ ሜሹ ያለበትን ያውቃል እንጂ ሜሹን አልያዘም።

ስለዚህ ከመጠገን በፊት የትኛው ወገን እንደያዘው መለየት ይገባል። በመስኮቱ ግርጌ ያለውን ስታተስ ባር በቀኝ ክሊክ ነክቶ የሜሞሪውን መጠን ማሳየት ይቻላል። ከዚያ ስክሪፕቱን ለጥቂት ፍሬሞች ብቻ እያስኬዱ በመዝገቡ ውስጥ ስንት ሜሽና ስንት ምስል እንዳለ በየፍሬሙ ማሳተም ነው። ቁጥሩ ከፍሬሙ ጋር ከጨመረ ጥፋቱ ተገኘ። ቁጥሩ ሳይነቃነቅ ሜሞሪው ካደገ፣ ከፓይተን 3.4 ጀምሮ አብሮ የሚመጣው ትሬስማሎክ የትኛው መስመር ቦታ እንደያዘ ያሳያል። የሚያየው ግን በፓይተን በኩል የተያዘውን ብቻ ነው። እርሱ ዝም አለ ማለት ችግር የለም ማለት አይደለም።

መፍትሔው ሜሹን ራሱን ከመዝገቡ በሪሙቭ ትእዛዝ ማስወገድ ነው፤ የሚጠቀሙበት ኦብጀክቶችም አብረውት ይሄዳሉ። እኔ የምመርጠው ግን አንዱኑ ሜሽ በየፍሬሙ ባዶ አድርጎ እንደገና መሙላትን ነው፤ ያልተፈጠረ ነገር መጥፋት አያሻውም። ከፋይል ሜኑ የሚገኘው ማጽጃ ባለቤት አልባውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠርጋል፤ በስክሪፕት መሐል ሲጠሩት ግን ሌላ ሰው ለነገ ያስቀመጠውን ማቴሪያልም ይዞ ሊሄድ ስለሚችል እጠነቀቀዋለሁ። የጋሻ ምልክት የተደረገበት ብቻ ይተርፋል።

ምስል ከሜሽ የባሰ ነው። 3840 በ2160 የሆነ አንድ ምስል በአራት ቻናል 33 ሚሊዮን ባይት ያህል ይይዛል። የሚጭነው መስመር ቀድሞ መጫኑን እንዲያጣራ ካልታዘዘ፣ ያንኑ ፋይል በተጠራ ቁጥር ሌላ ቅጂ ያመጣል። ፍሬም ሲቀየር እንዲጠሩ የሚመዘገቡ ፈንክሽኖችም አሉ፤ ቀድሞ የተመዘገበውን ሳያስወግድ ስክሪፕቱን አምስት ጊዜ ያስኬደ ሰው በየፍሬሙ አምስቱም ይሠሩበታል፣ የያዙትን ዝርዝርም አይለቁም።

ብሌንደር ሲዘጋ ተርሚናሉ ላይ ያልተለቀቁ የሜሞሪ ብሎኮች አሉ ብሎ ከጻፈ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉድለቱ የሶፍትዌሩ የራሱ ነው። ያኔ ችግሩን የሚያሳይ ትንሹን ፋይልና ጥቂት የስክሪፕት መስመሮች ለይቶ፣ በሄልፕ ሜኑ ውስጥ ባለው የስህተት ማሳወቂያ ለገንቢዎቹ መላክ ነው።