ከ«ፒ ቱ» በስተጀርባ ያለችው ኤሌክትሮን

እኔ በምኖርበት የናይሮቢ ሰፈር ኪሊማኒ፣ አርግዊንግስ ኮድሄክ መንገድ ዳር ካሉት ፋርማሲዎች ገብታችሁ «ፒ ቱ» ብትሉ ምን እንደፈለጋችሁ ወዲያው ይገባቸዋል። አዲስ አበባ «ፖስት ፒል» የምንለው የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ ነው፤ መድኃኒቱ ሌቮኖርጀስትሬል ይባላል። ስለ አወሳሰዱ ብዙ ተጽፏል። ዛሬ የማወራችሁ ፋብሪካ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ነው፤ በጣም የምወደው የኬሚስትሪ ሪአክሽን ያለው እዚያ ነውና።

መድኃኒቱን ለመሥራት ከሚነሡባቸው ሞለኪውሎች ባለ 6 ካርቦን አሮማቲክ ቀለበት ያላቸው ይገኙበታል፤ ኢስትሮጅን ላይ ያለው ዓይነት። ቀለበቱ እጅግ የረጋ ነው። በብረት ካታሊስት ሃይድሮጅን ሲጨምሩበት መጀመሪያ እንቢ ይላል፤ አንዴ ከተነካ ግን የቀሩት ድርብ ቦንዶች ይበልጥ ቶሎ ስለሚያልቁ መሃል ላይ ማስቆም ይከብዳል። የሚፈለገው ደግሞ መሃል ላይ መቆሙ ነው።

አውስትራሊያዊው ኬሚስት አርተር በርች እ.ኤ.አ. በ1944 ኦክስፎርድ ሆኖ መንገዱን አሳየ። ፈሳሽ አሞኒያ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ሶዲየም ሲገባበት ኤሌክትሮኖቹን ይለቅና ፈሳሹ ድንቅ ሰማያዊ ይሆናል። ቀለሙ የኤሌክትሮኖቹ ነው! አንዷ ኤሌክትሮን ቀለበቱ ላይ ስታርፍ ራዲካል አኒዮን ይፈጠራል፤ ጥንድ የሌላት ኤሌክትሮንና ኔጋቲቭ ቻርጅ አብረው ያሉበት ሞለኪውል ማለት ነው። አልኮል ፕሮቶን ይሰጠውና ራዲካሉ ብቻ ይቀራል። ከዚያ ሁለተኛ ኤሌክትሮን፣ ሁለተኛ ፕሮቶን። የተረፉት ሁለት ድርብ ቦንዶች ተራርቀው ስለሚቀመጡ ሌላ ኤሌክትሮን በቀላሉ አይቀበሉም፤ ኤሌክትሮን የመቀበሉ ሂደት (ሪዳክሽኑ) እዚያው ይቆማል። ይህ ብልሃት ዛሬም ያስደንቀኛል።

እ.ኤ.አ. በ1951 ሜክሲኮ ሲቲ፣ ሲንቴክስ የተባለ ኩባንያ ውስጥ ሉዊስ ሚራሞንቴስ፣ ካርል ጄራሲና ጆርጅ ሮዘንክራንዝ በዚሁ ሪዳክሽን ተጠቅመው ኖርኢቲስቴሮንን ሠሩ፤ በአፍ የሚወሰድ የእርግዝና መከላከያ ከሆኑት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። የሌቮኖርጀስትሬል ሥራም በኋላ በበርች መንገድ አለፈ።

የዘዴው ችግር ሶዲየሙና አሞኒያው ነው፤ ሁለቱም አደገኛ ናቸው፣ በብዛት ሲሠራባቸው ደግሞ ወጪው ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስቱ ፊል ባራን ቡድን ከሊቲየም ባትሪ ኬሚስትሪ ሐሳብ ወስዶ፣ ፈሳሽ አሞኒያ ሳይጠቀም፣ ኤሌክትሮኗን በኤሌክትሪክ የሚያቀብል ዘዴ አሳተመ። ናይሮቢ ወይም አዲስ አበባ ላብ ውስጥ የምትሠሩ ተማሪዎች ካላችሁ ከዚህ ብትጀምሩ ደስ ይለኛል፤ አሞኒያን አቀዝቅዞ ፈሳሽ ማድረግ በማይቻልበት ክፍል ውስጥም ሊሞከር ይችላል።